አህያ እታለምን ከኮምፒውተሯ ጋር ያገናኘች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ በየጎጆው ኮምፒውተር ባስገባበት ዘመን፣ ከአንድ ፍል ውኃ በላይ ባለ መንደር አንዲት ወጣት አህያ ትኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ገና ሦስት ወሯ ነው። ልጇን አለኝታ አለቻት። ስሟ ትልቅ፣ ልጅቷ ትንሽ። ከሩቅ ሲያዩዋት ጆሮ ብቻ ነበረች።

አህያዋ እናት ከሆነች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። አለኝታ ዝም ብላ ስትተኛ «ምነው ዝም አለች?» ብላ ትነሣለች። አለኝታ ስትነቃ «ምነው እንቅልፍ አጣች?» ብላ ትጨነቃለች። ልጅቷ ያስነጠሰች ቀንማ ተዉት፤ እናትየዋ ናት የምትታመመው።

የመንደሩ ሐኪም ኤሊ ናት። ቤቷ ከገደሉ ማዶ ነው። በእግሬ ልምጣ ብትል፣ እስክትደርስ በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ተረስቷል። ስለዚህ ሐኪም ኤሊ የምትጠየቀው በኮምፒውተር ነው፤ የምትመልሰውም በኮምፒውተር ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? አህያዋ ማንበብ ይከብዳታል። ፊደል አልቆጠረችም አይባልም፤ ቆጥራለች። ግን ጭነት በዛባትና ከመንገድ አቋረጠችው። ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ አላት። አንዲት ፊደል ስታይ ረድፏን ትፈልጋለች፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ በኮቴዋ እየነካች በዜማ ትወርዳለች። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ! አገኘሁሽ!» ትላለች። በዚህ አካሄድ አንድ ደብዳቤ እስኪያልቅ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ጢን» ባለ ቁጥር ጋሼ ቀበሮን ትጠራለች። ቀበሮ አንባቢ ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እንደ ዳኛ ቀና ብሎ ያነባል። ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራል።

«‹አንድ ዋንጫ ማር በጋሼ ቀበሮ እጅ ላኪልኝ› ትላለች ሐኪሟ።»

አህያዋ ለንቦች ውኃ ታመላልሳለችና ማር አታጣም። ትሰጠዋለች። «ሐኪም ኤሊ መቼም ማር አትጠግብም» ብላ ከመገረም በቀር አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረችም።

አለኝታ የተወለደች ሰሞን መንደሩ ሁሉ አራስ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ላም ወተት ይዛ መጣች። በግ የሚነጠፍ ሱፍ አመጣች። ከተማ የምትሠራው አክስቷ በቅሎ ግን ከኮርቻዋ ኪስ አንድ ክብ ነገር አወጣች፤ ድቡልቡል፣ ጥቁር፣ ጨርቅ የለበሰ፣ የሙልሙል ዳቦ የሚያህል።

«ምንድነው ይሄ አክስቴ? ይበላል?»

«ምን ይበላል! ይናገራል እንጂ። ስፒከር ነው። ስሟን እታለም ብያታለሁ፤ እታለም ስትያት አቤት ትልሻለች። ከኮምፒውተርሽ ጋር ካገናኘሻት ደግሞ የመጣልሽን ደብዳቤ ታነብልሻለች፤ አንቺ የምትዪውንም ትጽፍልሻለች። ከተማ ውስጥ እሷ የሌለችበት ቤት የለም።»

አህያዋ በማግስቱ ሞከረች። እታለም ግን «ኮምፒውተሩ ላይ የሚታዩትን አራት ፊደላት ያንብቡልኝ» አለቻት። አህያዋ አፈረች። አጠፋቻትና ለቀበሮ ነገረችው።

የቀበሮ ጆሮ ቀጥ አለ። ደብዳቤ የምታነብ? ያለ ማር?

«ይሄን ቤትሽ አስገባሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጆሮ እኮ ናት፣ የኔ ልጅ! ቀኑን ሙሉ የምታወሪውን ሰምታ ማታ ለጅብ ነው የምታደርሰው። ልጅሽ የት እንደምትተኛ ሳይቀር!»

አህያዋ ደነገጠች። እታለምን መሬት አስቀምጣ ቁና ደፋችባት። በቁናው ላይ ድንጋይ ጫነችበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ማክሰኞ አለኝታ ታመመች። አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ግንባሯ ይፋጃል፣ ጆሮዋ እንኳ ተጣጥፎ ወድቋል። ቀበሮ ተጠርቶ ለሐኪሟ ጻፈ። ከቀትር በኋላ ኮምፒውተሩ «ጢን» አለ። ቀበሮ መነጽሩን አድርጎ ደጋግሞ አየው። ከዚያ አነበበ።

«‹በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ክፉ በሽታ ነው። መድኃኒቱ የፍል ውኃው እንፋሎት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅሽን ፍል ውኃው አጠገብ ካለችው ግራር ሥር አስቀምጫት። ብቻዋን ትሁን። አንቺ አብረሽ ከቆየሽ አይሠራም።›»

«ብቻዋን?» አለች አህያዋ።

«ሐኪሟ ናት ያለችው። እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው። በይ አዘጋጂያት፤ ፀሐይ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ቀበሮ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ግራሯ ሄደ። ከግራሯ ሥር ማን ተጋድሟል? ጅብ።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ ለጋ ውርንጭላ ትመጣልሃለች። ሲሶው የኔ ነው፣ አደራ። አሁን ዓይንህን ጨፍን። ዓይንህ ሲያበራ ታያለችና ትደነብራለች።»

«ጨፈንኩ። ከዚያስ?»

«ኮቴ ስትሰማ ዘልለህ ያዝ። አትጠይቅ።»

«ብትጮህስ?»

«ብትጮህም አትልቀቅ።»

«‹እኔ ውርንጭላ አይደለሁም› ብትለኝስ?»

«ልጅ ናት፣ ትዋሻለች። አትልቀቅ አልኩህ!»

«ትዋሻለች። አልለቅም። ትዋሻለች። አልለቅም» እያለ ጅብ ዓይኑን ጨፍኖ ምራቁን ዋጠ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አህያዋ ልጇን በሱፍ እየጠቀለለች ነው። አለኝታ ቀና ብላ አየቻት።

«እማ፣ አንቺ አትቆዪም?»

አህያዋ ሱፉን ትታ ተነሣች። ሄዳ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። ደብዳቤው ይኸው ነው፤ ፊቷ ተዘርግቷል። የልጇን ስም በዓይኗ ለየችው፣ እሱን ታውቀዋለች። ከሥሩ ያለውን መስመር በገበታው እያመሳከረች፣ እያላባት አነበበች። «ል…ጅ…ሽ…ን»። ቀጥሎ «ከ…ቤ…ት»። ከዚያ ረጅም ቃል መጣ፤ እንደ አቀበት የረዘመ። ግማሹ ላይ ደከማት። ልጅሽን ከቤት… «ያው ጋሼ ያሉት ነው» አለች በልቧ። «ከቤት አውጫት ነው የሚለው።»

ግን ሆዷ እምቢ አላት። ዓይኗ ወደ ቁናው ሄደ።

«ለጅብ ትናገራለች» ብላ ፈራች። ቆይታ ደግሞ አሰበች። «ልጄን የምወስዳት የት ነው? ፍል ውኃው አጠገብ። እዚያ የሚውለው ማን ነው? ጅብ። እንግዲህ ከጅብ የምደብቀው ምን ቀረኝ?»

ድንጋዩን አነሣች። ቁናውን ገለጠች። እታለምን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጣ አበራቻት።

«እታለም» አለች በሹክሹክታ።

ሰማያዊ መብራት ክቡን ዞረው። «ጤና ይስጥልኝ። ምን ልርዳዎት?»

አህያዋ ከኋላዋ ሰው ያለ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም። «ልርዳዎት» የተባለው ለእሷው ነው! በሕይወቷ «ሂጂ» ተብላለች፣ «ቁሚ» ተብላለች፣ «ተሸከሚ» ተብላለች። «እርስዎ» ብሏት የሚያውቅ ግን አልነበረም።

«ደብዳቤ… አንብቢልኝ» አለች።

«በደስታ። መጀመሪያ ከኮምፒውተርዎ ጋር መገናኘት አለብኝ። ኮምፒውተሩ ላይ አራት ፊደላት አሉ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንብቡልኝ። የሚያነብልኝን ድምፅ የቤቱ ባለቤት ብዬ እይዛለሁ። ከዚያ በኋላ የሌላ ትእዛዝ አልቀበልም።»

አህያዋ ቀና አለች። አራት ፊደላት ተደርድረው ቆመዋል። የመጀመሪያዋን ረድፍ ገበታው ላይ አገኘችና በልማዷ በዜማ ወረደች። «መ፣ ሙ፣ ሚ…»

«መ፣ ሙ፣ ሚ ብለው ሰምቻለሁ» አለች እታለም። «ፊደላቱ አልተመሳሰሉም። ችግር የለም። አዲስ ፊደላት ወጥተዋል። እንደገና እንሞክር።»

«ወይ ጉዴ! እየቆጠርኩ እኮ ነው፣ አላነበብኩም!»

ሁለተኛ ሞከረች። አሁን ዜማውን በልቧ ልታደርገው ፈለገች። ግን አፏ ለምዶበታልና «ተ፣ ቱ» ብሎ አመለጣት። ተደናግጣ እንደገና ረድፉን ስትፈልግ ደቂቃው አለቀ።

«ጊዜው አልፏል። ችግር የለም። አዲስ ፊደላት ወጥተዋል። እንደገና እንሞክር።»

አህያዋ ይሄኔ ቀና ብላ ክቧን ነገር አየቻት። አልሰለቻትም! ተቆጥታ «አንቺ ደንቆሮ» አላለቻትም። ከንፈሯን አልመጠጠችባትም፣ በረጅሙ አልተነፈሰችባትም። ድሮ ፊደል ያስቆጠሯት የኔታ ፍየል እንኳ በሁለተኛው ስህተት በቀንዳቸው ይወጉ ነበር። ይቺ ግን መቶ ጊዜ ብትሳሳትባትም መቶ ጊዜ «ችግር የለም» የምትል ናት። የአህያዋ ልብ ረጋ አለ።

በሩ ተበረገደ። ቀበሮ ነው።

«አንቺ ሴት፣ ፀሐይ እኮ አፋፉ ላይ ደርሳለች! ምን…» ሰማያዊውን መብራት አየ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ወዲያው ግን ፈገግታ ለበሰ። «አሃ፣ ልታገናኛት ነው? ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም? አራት ፊደል ለኔ ምን አላት? በአንድ ትንፋሽ ልጨርስልሽ።»

አህያዋ «እሺ ጋሼ» ልትል ነበር። ደቂቃው ያልፋል፣ ልጅቷ ትፋጃለች፣ እሱ ደግሞ ማንበብ ይችላል። ግን የእታለም ነገር ትዝ አላት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካነበቡላት ባለቤቷ እርስዎ ሊሆኑ ነው እኮ።»

«ምን ልዩነት አለው? እኔና አንቺ አንድ ቤት አይደለን?» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ይሄኔ አለኝታ ሳለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አህያዋ ክው አለች።

«ውይ፣ ረስቼው! ጋሼ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ ክፉ በሽታ ነው ብለው አላነበቡልኝም? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ደረትዎም አይችልም። ይውጡ! በሞቴ ይውጡ!»

«አይ፣ እኔን እንኳ ምንም…»

«ሐኪሟ ናት እኮ ያለችው!»

ብልጠት አይደለም፤ ከልቧ ሠግታለት ነው። ቀበሮ ግን ምን ይበል? «ዋሽቼ ነው» ይበል? የገዛ ውሸቱ በደረቱ ገፍቶ ከደጅ አወጣው። አህያዋ በሩን ዘጋችበት።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። አዲስ አራት ፊደላት ወጥተዋል። አፏን ምን ታድርገው? የጭነት ገመዷ ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል። አነሣችና በጥርሷ ግጥም አድርጋ ነከሰችው። አሁን ዜማው በአፏ ሊያመልጥ አይችልም። ቆጠራውን ለኮቴዋ ሰጠችው፤ ፊደሏ ከረድፉ ስንተኛዋ ላይ እንደምትገኝ መሬቱን እየመታች ትቆጥራለች።

ጠብ፣ ጠብ። ገመዱን ተፋች። «ሩ!»

ነከሰች። ሰባት ጊዜ መታች። ተፋች። «ጎ!»

«ፀሐይ እኮ ገባች!» ይላል ቀበሮ ከውጭ።

ነከሰች። አራት ጊዜ። «ሳ!»

አንድ ቀረ። የመጨረሻዋ ፊደል ግን ዓይኗ ላይ ዋለለች። የ«በ» ቤተሰብ መሰለቻት። ልትልም ነበር። እንደገና አየች። ራሷ ላይ ቀንድ አላት! ቀንድ ያላት «በ» የለችም። ወደ ሌላው ረድፍ ሮጠች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«ኬ!» ብላ ማናፋት በሚመስል ድምፅ ጮኸች።

ሰማያዊው መብራት አረንጓዴ ሆነ።

«ሩ፣ ጎ፣ ሳ፣ ኬ። ትክክል ነው። ከኮምፒውተርዎ ጋር ተገናኝቻለሁ። እንኳን ደስ ያለዎት። የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት።»

አህያዋ እንባዋ መጣ። ለመደሰት ግን ጊዜ አልነበራትም። «እታለም፣ የሐኪሟን ደብዳቤ!»

እታለም በተረጋጋ ድምፅ አነበበች። «‹ይድረስ ለአለኝታ እናት። ልጅሽን ከቤት እንዳታወጫት። የያዛት ጉንፋን ነው። ሦስት ቀን ነፋስ አይንካት። ከጉያሽ አትለዪያት፤ ካንቺ ሙቀት የተሻለ መድኃኒት የለኝም። ቶሎ ቶሎ አጥቢያት። በአራተኛው ቀን ካልተሻላት ጻፊልኝ። ሐኪም ኤሊ።›»

«ፍል ውኃስ? ግራርስ? ብቻዋን ትሁንስ?»

«ደብዳቤው ውስጥ እንደዚያ የሚል የለም።»

አህያዋ ልጇን አየች። በሱፍ ተጠቅልላ፣ ለመንገድ ተዘጋጅታ ተኝታለች። የጠቀለለቻት እናቷ ራሷ ናት። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እታለም፣ ያለሽን ድምፅ ሁሉ አውጪ። እንደገና አንብቢው!»

«ይድረስ ለአለኝታ እናት!» አለች እታለም። መንደሩ አስተጋባ። ላም ከበረቷ ብቅ አለች። በግ ማመንዠኳን አቆመች። ደጃፍ ላይ የቆመው ቀበሮ ዘልሎ ወደ መስኮቱ መጣ።

«እታለም! ዝም በይ! አጥፊው! እኔ ነኝ የማዝሽ!»

«ይቅርታ» አለች እታለም። «የቤቱ ባለቤት ድምፅ አይደለም።» ንባቧንም ካቆመችበት ቀጠለች። «ልጅሽን ከቤት እንዳታወጫት…»

«ጋሼ ቀበሮ፣» አለች ላም፣ «ቅድም ምን ብለህ ነበር ያነበብክላት?»

«እኔማ… መነጽሬ ነው! መነጽሬ አርጅቷል!» አለና እግሬ አውጪኝ ብሎ ሮጠ። ለጅብ ነገሩ መበላሸቱን ሊነግረው በቀጥታ ወደ ግራሯ ሮጠ።

ጅብ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ኮቴ ሰማ። ዘለለ። ያዘ።

የቀበሮ ጩኸት መንደር ድረስ ተሰማ። «ልቀቀኝ! እኔ ውርንጭላ አይደለሁም!»

«ይህን እንደምትዪ ተነግሮኛል» አለ ጅብ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

«ቀበሮ ነኝ! አንተ ጅል፣ ቀበሮ ነኝ!»

«ልጅ ነሽ፣ ትዋሻለሽ። ግን ምነው ጅራትሽ እንዲህ ጸጉራም ሆነ?»

ቀበሮ ጅራቱን ትቶ አመለጠ። ጅብም ዓይኑን ሲገልጥ አፉ ውስጥ ያገኘው አንድ ጭራ ጸጉር ብቻ ነበር። «ሲሶው የቀበሮ ነው» ብሎ ለሦስት ሊከፍለው እየሞከረ አመሸ።

አህያዋ ሦስት ቀን ልጇን ከጉያዋ አልለየቻትም። በአራተኛው ቀን የአለኝታ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። እናትየዋም ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ አንደበቷ ደብዳቤ አጻፈች። «እታለም፣ ጻፊልኝ። ‹እመቤት ሐኪም፣ ልጄ ድናለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ የላክሁልዎት ማርስ ጥሩ ነበር ወይ?›»

በእግሯ እንደዚያ የምትዘገየው ኤሊ በኮምፒውተር ፈጣን ናት። መልሱ ወዲያው መጣ። «የምን ማር?»

አህያዋ ስቃ ስቃ መሬት ላይ ተንከባለለች።

እታለም እስከ ዛሬ ታነብላታለች። አህያዋ ግን የፊደል ገበታዋን ከግድግዳው አላነሣችም። እታለም ስታነብ እሷ በኮቴዋ ትከተላለች፤ አንዳንድ ጊዜም «ቆይ እታለም፣ ይቺን እኔ ልበላት» ትላለች። እታለምም ትጠብቃታለች። መጠበቅ አይሰለቻትም።

አለኝታ አንድ ቀን እናቷን እያየች ጠየቀቻት። «እማ፣ ስታነቢ ገመድ ለምን ትነክሻለሽ?»

«እንዲህ ነው የሚነበበው፣ የኔ እናት» አለች አህያዋ ኮራ ብላ።

አለኝታም ሮጣ የገመዱን ሌላ ጫፍ ነከሰች። እነሆ እስከ ዛሬ የአህያ ልጆች ያገኙትን ገመድ ሁሉ የሚያኝኩት ፊደል እየቆጠሩ ነው ይባላል።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያነብልን ብልህ መሣሪያ ማግኘት ትልቅ በረከት ቢሆንም፣ የቤታችን በር የሚከፈትባቸውን አራት ፊደላት ግን እየተንተባተብንም ቢሆን በገዛ አፋችን ማንበብ እንዳለብን ነው።